ለሽያጭ የሚታተም ፎቶግራፍ፦ መጠኑና የሚታተምበት ነገር

በስልክና በኮምፒውተር ገጽ ላይ የሚታይ ፎቶግራፍ የራሱ የሆነ መጠን የለውም፤ በተመልካቹ ጣት ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ብርሃኑም የሚመነጨው ከመሣሪያው ነው። ያው ምስል ታትሞ ለሽያጭ ሲቀርብ ግን ርዝመትና ወርድ፣ ውፍረትና ክብደት፣ ልስላሴ ወይም ሻካራነት ያለው ዕቃ ይሆናል፤ ገዢውም የሚከፍለው ለምስሉ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ዕቃ ጭምር ነው። ብዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ግን ይህን ውሳኔ ለማተሚያ ቤቱ የዋጋ ዝርዝር ይተዉታል፤ ዝርዝሩ ላይ ያለውን መጠንና የወረቀት ዓይነት ሁሉ እንዳለ ለገዢ አቅርበው ምርጫውን በእርሱ ላይ ይጥላሉ። የዚህ ምዕራፍ አቋም ከዚህ ተቃራኒ ነው። መጠኑም ማቴሪያሉም ከምስሉ ቅርጽ፣ ከፋይሉ አቅምና ከሚሰቀልበት ግድግዳ ተነሥቶ በአንሺው ሊወሰን የሚገባው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቅጂ ከተሸጠ በኋላ ደግሞ ለገዢው የተገባ ቃል ስለሚሆን፣ አማራጩ ጥቂት ቢሆን ይመረጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራው ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን የሚለው ሳይሆን የጎኖቹ ምጥጥን ምን ይሁን የሚለው ነው። የጎን ምጥጥን ማለት የምስሉ አጭር ጎን ከረጅሙ ጎን ጋር ያለው ዝምድና ሲሆን፣ በአብዛኞቹ የባለሙያ ካሜራዎች ይህ ዝምድና 2 ለ 3 ነው። የዚህ ቅርጽ መነሻ የሲኒማ ፊልም ነው፤ ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ የሲኒማ ፊልምን አግድም አስኪዶ የሁለት የሲኒማ ምስሎችን ቦታ ለአንድ ፎቶግራፍ በመስጠት 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሚያነሣውን ላይካ ካሜራ ሠራ፤ ካሜራው በ1925 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህም ይኸው ምጥጥን ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ሲመጣ እንኳ ሳይለወጥ ቆይቷል። የስልክ ካሜራዎች በአብዛኛው 3 ለ 4 የሆነ ምስል ይሰጣሉ። እንደ ሮለይፍሌክስና ሀሰልብላድ ያሉት የቀድሞ ካሜራዎች ደግሞ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ምስል ያነሡ ነበር፤ ኢትዮጵያዊቷ አይዳ ሙሉነህ በ2016 እ.ኤ.አ. የሠራችው «ዘ ወርልድ ኢዝ ናይን» የተባለው ተከታታይ ሥራም በዚሁ የካሬ ቅርጽ የቀረበ ነው።

ችግሩ ወረቀቱና ፍሬሙ ከሌላ ታሪክ የመጡ መሆናቸው ነው። በአሜሪካ የተለመዱት 8 በ10 እና 16 በ20 ኢንች የሆኑ መጠኖች የተወረሱት በእግር ላይ ከሚቆሙት ትልልቅ ካሜራዎች ሲሆን፣ ምጥጥናቸው 4 ለ 5 ነው። በአውሮፓ ደግሞ ፍሬም የሚሸጠው በሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 30 በ40፣ 50 በ70፣ 60 በ80 እየተባለ ነው፤ በዚህ ላይ በ1922 እ.ኤ.አ. በጀርመን ደረጃ ሆኖ የወጣው፣ ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት የኤ ወረቀት ተከታታይ አለ። የኤ ወረቀት ልዩ ጠባይ ለሁለት ሲታጠፍ ቅርጹ የማይለወጥ መሆኑ ነው፤ ለጽሕፈት ቤት እጅግ የሚመች ቢሆንም ከካሜራው ምስል ጋር ግን አይገጥምም። 2 ለ 3 የሆነ ምስል በኤ 3 ወረቀት ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ ሲደረግ ከረጅሙ ጎን ወደ 6 በመቶ ገደማ ይቆረጣል፤ በ30 በ40 ሲታተም 11 በመቶ፣ በ8 በ10 ኢንች ሲታተም ደግሞ አንድ ስድስተኛው ይጠፋል።

አንድ ስድስተኛ በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል። በላሊበላ የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ ከላይ ሆኖ ያነሣ ሰው በምስሉ አንድ ጫፍ የጉድጓዱን አፍ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ በዐለቱ ጠርዝ ላይ የቆሙ ነጭ የለበሱ ምእመናንን አስገብቷል እንበል። ምስሉ በ8 በ10 ኢንች እንዲታተም ሲታዘዝ የማተሚያ ቤቱ ማሽን ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆርጣል፤ የዐለቱ ጠርዝም ሰዎቹም ይወጣሉ፤ የሚቀረው ሜዳ ላይ የተሠራ የሚመስል የመስቀል ቅርጽ ሕንፃ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ ዐለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ መሆኑን የሚናገረው ያ የተቆረጠው ጠርዝ ነበር። ስለዚህ አንሺው ቅርጹን ራሱ ካልወሰነ ማሽኑ ይወስንለታል ማለት ነው።

ከዚህ ጣጣ የሚያወጣው ቀላሉ መንገድ ምስሉን ሳይቆርጡ አትሞ በምስሉና በፍሬሙ መካከል ያለውን ቦታ ለፓስፓርቱ መስጠት ነው። ፓስፓርቱ በመካከሉ መስኮት የተቆረጠለት ወፍራም ካርቶን ሲሆን፣ ምስሉን ከመስተዋቱ ያርቀዋል፤ ይህም ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በክረምት እርጥበት የወረቀቱ ገጽ ከመስተዋቱ ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከላል። እዚህ ላይ 2 ለ 3 የሆነው ምስል ከ3 ለ 4 ፍሬም ጋር ደስ የሚል ስምምነት አለው፤ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምስል በ30 በ40 ፍሬም ውስጥ ሲገባ በአራቱም ጎን እኩል 5 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል፤ 40 በ60 የሆነው በ60 በ80 ፍሬም ሲገባ እኩል 10 ሴንቲ ሜትር፣ በአሜሪካ ሱቆች ደግሞ 12 በ18 ኢንች የሆነው በ18 በ24 ፍሬም ሲገባ እኩል 3 ኢንች ይተርፋል። ደንበኞቹ ከፊሎቹ በዋሽንግተን፣ ከፊሎቹ በስቶክሆልም ወይም በፍራንክፈርት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሆኑ አንሺ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል፤ በሴንቲ ሜትር የታተመ ሥራ አሜሪካ ሲደርስ ከሱቅ ፍሬም አልገጥም ስለሚል ገዢው በልክ ማሠራት ግድ ይሆንበታል፤ በልክ የሚሠራ ፍሬም ደግሞ ከፎቶግራፉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለዚህም ሲባል በሽያጭ ማስታወቂያው ላይ የምስሉ መጠንና የወረቀቱ መጠን ለየብቻ መጻፍ አለበት። የፓስፓርቱ መስኮት ምስሉን ከየጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲነክስ ተደርጎ ስለሚቆረጥም፣ በምስሉ ዙሪያ ነጭ ዳር መተው ምስሉን ከመነከስ ያድናል፤ ለእጅ መያዣና ለፊርማም ቦታ ይሰጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፋይሉ እስከ ምን ድረስ ይለጠጣል የሚለው ነው። ዲጂታል ምስል ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተገነባ ሲሆን፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በአንድ ጎን 6,000፣ በሌላው 4,000 ነጥቦች ይሰጣል። በማተሚያ ቤቶች እንደ ሕግ የሚነገረው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ የሚለው ልክ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ጤናማ ዐይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማየት የሚችለው በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ያህል ርቀት ሲኖር ነው ከሚለው ልኬት የሚገኝ ነው። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ማለትም መጽሐፍ በሚነበብበት ርቀት፣ ይህ ልክ ወደ 300 ነጥብ ይጠጋል፤ በአንድ ሜትር ርቀት ግን ከ90 ያነሰ ይበቃል። እንግዲህ የ6,000 ነጥቡ ፋይል በ60 ሴንቲ ሜትር ሲታተም በአንድ ኢንች 254 ነጥብ ይኖረዋል፤ ይህም ለማንኛውም ገዢ የሚበቃ ጥራት ነው። በ90 ሴንቲ ሜትር ሲታተም ወደ 170 ይወርዳል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከሶፋ ጀርባ ተሰቅሎ ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ አሁንም አያሳፍርም። ይህ ስሌት ግን ምስሉ ጥርት ብሎ የተነሣ እንደሆነ ብቻ ይሠራል። በጥምቀት ዋዜማ በጨለማ የተነሣ፣ እጅ ያንቀጠቀጠበት ወይም በከፍተኛ የብርሃን ስሜት የተንጫጫ ፎቶግራፍ ስንት ሚሊዮን ነጥብ ቢኖረውም ትልቅ ሲሆን ጉድለቱም አብሮ ይተልቃል፤ በትንሹ ሲታተም ግን እጅግ ያማረ ሊሆን ይችላል።

ትልቅ ማተም ሁሉን ሥራ ያከብራል የሚለው እምነት የመጣው ከጋለሪዎች ዓለም ነው። ጀርመናዊው አንድሬያስ ጉርስኪ በ1999 እ.ኤ.አ. የሠራው «ራይን 2» ወርዱ ከሦስት ሜትር ተኩል የሚበልጥ ሲሆን፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ጨረታ ከ4.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። የዚያ ሥራ ባዶነትና አግድም መስመሮች ግን ሰፊ ግድግዳን የሚጠይቁ ናቸው። የአንዲት አሮጊት እጅ ጥጥ ስትፈትል በቅርብ የተነሣበት ምስል አንድ ሜትር ሲሆን የሚያገኘው ነገር ቢኖር ማስፈራራት ነው፤ ያ ምስል የሚፈልገው ተመልካቹን ወደ ራሱ የሚያስጠጋ 20 በ30 ነው።

ወደ ማቴሪያሉ ሲመጣ ምርጫው ሰፊ ይመስላል እንጂ ዋናዎቹ ወገኖች ሁለት ናቸው። አንደኛው በብር ጨው የተቀባና ብርሃን ሲነካው በኬሚካል የሚታጠብ ወረቀት ሲሆን፣ የፎቶ ቤት የቀለም ሕትመት በአብዛኛው የዚህ ወገን ነው። ሥረ ወረቀቱ በሁለቱም ገጽ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ውሃ አይጠጣም፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሁለተኛው ቀለምን በጥቃቅን ጠብታዎች የሚረጨው የኢንክጄት ሕትመት ሲሆን፣ በዚህ ወገን ውስጥ ከወረቀቱ ይልቅ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የቀለሙ ዓይነት ነው። ዳይ የሚባለው ቀለም እንደ ሻይ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ነው፤ ፒግመንት የሚባለው ግን ያልሟሙ የደቀቁ ቅንጣቶችን የያዘ ነው። የሟሟው ቀለም ደማቅ ቢሆንም በብርሃንና በአየር ፊት ደካማ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኤፕሰን ለገበያ ያቀረባቸው ስታይለስ ፎቶ 870 እና 1270 የተባሉት ማተሚያዎች በአንድ ዓይነት አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ያተሟቸው ፎቶግራፎች በአየር ውስጥ ባለው ኦዞን ምክንያት በአጭር ጊዜ ወደ ብርቱካናማ መለወጣቸው ለዘርፉ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለሽያጭ ለሚታተም ሥራ ፒግመንት እንደ ግዴታ መታየት ጀምሯል።

በፒግመንት የሚታተምባቸው ወረቀቶችም ጠባያቸው ይለያያል። ከጥጥ የሚሠራው ወረቀት የእንጨት ወረቀትን የሚያስረጀውና የሚያቢጫው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር የለበትም፤ ከ1584 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወረቀት ሲሠራ የኖረው የጀርመኑ ሃነሙለ የሚያመርተው ፎቶ ራግ ለምሳሌ መቶ በመቶ ጥጥ ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር 308 ግራም ይመዝናል፤ ይህም ከተራ የጽሕፈት ወረቀት አራት እጥፍ ገደማ ነው። ገጹ ደብዛዛ፣ ማለትም ማት ነው፤ ብርሃን አይመልስም፤ ሲዳሰስም ጨርቅነት ያለው ይመስላል። ባሪታ የሚባለው ወረቀት ደግሞ ከቀለም መቀበያው ሽፋን ሥር ባሪየም ሰልፌት የተባለ ነጭ ማዕድን የተቀባ ሲሆን፣ የድሮውን የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ለስላሳ አንጸባራቂነት ይሰጣል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በምስሉ ጥቁርና ነጭ ውስጥ ይገኛል። የደብዛዛው ወረቀት እጅግ የጠቆረ ቦታ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ2 በመቶ በላይ ይመልሳል፤ የባሪታው ግን ወደ ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። በቅዳሴ ሰዓት በጧፍ ብርሃን የተነሣ ምስል፣ ፊትና መቋሚያ ብቻ ከጨለማ ብቅ የሚሉበት፣ በማት ወረቀት ሲታተም ጨለማው አመድ የነካው ይመስላል፤ በባሪታ ሲታተም ግን ጥልቀት ያገኛል። በነጩ በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በፀሐይ የደመቀ ነጠላ በፋይሉ ውስጥ ፍጹም ነጭ ሆኖ ሲቀር ማተሚያው በዚያ ቦታ ምንም ቀለም አይረጭም፤ በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ ቀለም ያረፈበትና ያላረፈበት ገጽ ብርሃንን የሚመልሱበት መንገድ ስለሚለያይ፣ ሥራው በመስኮት አጠገብ ዘንበል ሲል ነጠላው ከምስሉ ተለይቶ እንደ ተለጠፈ ጨርቅ ይታያል። በማት ጥጥ ወረቀት ይህ ፈጽሞ አይከሰትም፤ የነጠላው ሽንሽንም የወረቀቱን ጭረት ተበድሮ ሸካራነት ያገኛል። ፍጹም ነጩን በፋይሉ ላይ ጥቂት ማደብዘዝም ችግሩን ያቃልለዋል።

ስለ ነጭነት ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ ወረቀቶች እጅግ የነጡ የሚመስሉት የማንጫ ኬሚካል ስላለባቸው ነው፤ ይህ ኬሚካል ለዐይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሳል፤ በጊዜ ብዛት ኃይሉ ሲያልቅ ግን ወረቀቱ ወደ ተፈጥሮ ቀለሙ፣ ማለትም ወደ ክሬም ይመለሳል። የሚያስቀው ነገር ገዢው ሥራውን ለመጠበቅ ብሎ አልትራቫዮሌትን የሚከለክል ውድ መስተዋት ሲያስገባ ያ ልዩ ንጣት በዚያው ቀን የሚጠፋ መሆኑ ነው። ለዘለቄታ በሚሸጥ ሥራ ከመጀመሪያው ክሬም መልክ ያለውን፣ ማንጫ የሌለበትን ወረቀት መምረጥ ይመከራል።

ከወረቀት ውጭ ያሉት ማቴሪያሎች ለጌጥ እንጂ ለስብስብ ብዙ አይመከሩም። ሸራ መስተዋት ስለማይፈልግ ቀላልና ለመላክ ምቹ ነው፤ ነገር ግን በእንጨቱ ላይ ሲወጠር ከየጎኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጀርባ ስለሚታጠፍ በጠርዝ አካባቢ ወሳኝ ነገር ያለበትን ምስል ይጎዳል፤ የፎቶግራፉንም ጥቃቅን ዝርዝር በጨርቁ ድርና ማግ ይሸፍነዋል። በአሉሚኒየም ላይ የሚደረገው ሕትመት ቀለሙ በሙቀት ወደ ጋዝነት ተለውጦ በብረቱ ላይ ወዳለው ሽፋን የሚገባበት ሲሆን፣ በእርጥብ ጨርቅ ሊወለወል ስለሚችል ለምግብ ቤትና ለሆቴል መተላለፊያ ተስማሚ ነው። ሥራውን አክሪሊክ በሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ በፊቱ በኩል መለጠፍ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ የተፈለሰፈውና ዲያሴክ በሚል ስም የሚታወቀው ዘዴ፣ ቀለሙን እጅግ ያጎላል፤ የጉርስኪ ግዙፍ ሥራዎችም የሚታወቁት በዚህ ነው፤ ሆኖም አንዴ ከተለጠፈ የማይላቀቅ በመሆኑ አክሪሊኩ ሲጫር ሥራው ራሱ እንደተጫረ ይቆጠራል።

የመጠን ውሳኔ ከውበትና ከዋጋ አልፎ ፍርድ ቤት ሊያደርስ እንደሚችል የአሜሪካዊው ዊልያም ኤግልስተን ጉዳይ ያሳያል። ኤግልስተን የቀደሙ የቀለም ፎቶግራፎቹን በቁጥር በተወሰነ ቅጂ የሸጠው ዳይ ትራንስፈር በሚባለው ዘዴ፣ ሦስቱን ቀለሞች ተራ በተራ በወረቀት ላይ በማሳረፍ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ከእነዚያው ምስሎች አንዳንዶቹን በ44 በ60 ኢንች፣ በፒግመንት ኢንክጄት እንደገና አሳትሞ በኒው ዮርክ ለጨረታ ሲያቀርብ 36 ሥራዎች በድምሩ 5.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጡ። የቀደሙትን ትንንሽ ቅጂዎች የገዛ አንድ ሰብሳቢ የእርሱ ሥራ ብርቅነት ቀንሷል ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ ግን አዲሶቹ በመጠንም በዘዴም የተለዩ ሌላ እትም ናቸው በማለት ክሱን በ2013 እ.ኤ.አ. ውድቅ አደረገው። የአውሮፓ ኅብረት የ2006ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ መመሪያ ደግሞ ነገሩን በሌላ ዐይን ያየዋል፤ በእርሱ አነጋገር ፎቶግራፍ እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ የሚቆጠረው በአንሺው ወይም በእርሱ ቁጥጥር ሥር ሲታተም፣ ሲፈረምበትና ቁጥር ሲሰጠው፣ ቅጂውም በሁሉም መጠንና በሁሉም ማቴሪያል ተደምሮ ከ30 ሳይበልጥ ነው። በሕግ ኤግልስተን ቢያሸንፍም፣ ለጀማሪ ሻጭ የሚበጀው የአውሮፓው አቆጣጠር ነው፤ ቁጥሩን ለምስሉ እንጂ ለመጠኑ ያልሰጠ ሰው ከደንበኞቹ ጋር የሚጣላበት ምክንያት አይኖርም። በቁጥር የማይወሰን ሥራ መሸጥም ነውር የለበትም፤ ያ እንደሆነ ግን በግልጽ መነገር አለበት።

ዋጋ ሲተመን ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጎን ሁለት እጥፍ ሲሆን ስፋት አራት እጥፍ መሆኑ ነው። የ20 በ30 ሕትመት 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ወረቀትና ቀለም ይፈጃል፤ የ40 በ60ው 2,400፣ የ60 በ90ው 5,400 ይፈጃል። ገዢው ግን ለሁለተኛው አራት እጥፍ፣ ለሦስተኛው ዘጠኝ እጥፍ ለመክፈል እምብዛም አይፈቅድም፤ ስለዚህ ትርፉ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በመካከለኛው ሲሆን፣ ትልቁ በትእዛዝ ብቻ ቢታተም ይሻላል። በዚህ ላይ የመጓጓዣው ጉዳይ ይጨመራል። ከአዲስ አበባ የሚገዙ የውጭ ነዋሪዎች ሥራውን በሻንጣ ይዘው ለመሄድ ይፈልጋሉ፤ በዓለም አቀፍ በረራ የተለመደው የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ግራም ሆኖ ርዝመት፣ ወርድና ውፍረቱ ሲደመር 158 ሴንቲ ሜትር ነው። 60 በ80 የሆነ ፍሬም ከነማሸጊያው በዚህ ልክ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በብዙ የሚበልጠው ግን አይገባም። የዚህ መጠን ባለ ሁለት ሚሊ ሜትር መስተዋት ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አክሪሊክ ግማሹን ያህል ነው፤ ሲሰበርም ወረቀቱን አይቀድም። ያለ ፍሬም በቱቦ ተጠቅልሎ የሚላክ ከሆነ ቱቦው ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ወፍራም የጥጥ ወረቀት በጠባብ ቱቦ ሲጠቀለል የቀለሙ ገጽ ይሰነጠቃል።

ፊርማው በጥጥ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሰፍራል፤ ፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ግን እርሳስ ስለማይቀበል ለእርሱ የማይደበዝዝ የፒግመንት እስክሪብቶ ያስፈልጋል። መጠኑና ወረቀቱ ከተወሰነ በኋላም ሙሉው ሥራ ከመታተሙ በፊት ከምስሉ ወሳኝ ክፍል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ በእውነተኛው ልኬቱ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ታትሞ መታየት አለበት። ቁራጩ በግድግዳ ላይ በሚሰቀልበት ከፍታ ተለጥፎ አንድ ጊዜ በቀን በመስኮት ብርሃን፣ አንድ ጊዜ በማታ በቤት አምፖል ይታያል፤ ቀን ላይ ልክ የነበረው ጥላ ማታ ድፍን ጥቁር ሆኖ ከተገኘ ፋይሉ በመጠኑ እንዲፈካ ተደርጎ ሌላ ቁራጭ ይታተማል።